ማዳበሪያ የበላው ኮንክሪት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

የማዳበሪያ መጋዘን ወለል ላይ ነጭ ነገር መውጣት ሲጀምር ብዙ ሰው የሚያደርገው ያው ነው። ይጠርገዋል፣ ከላይ በሲሚንቶ ይለስንበታል፣ ይረሳዋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላቆ ይነሳል። «ሲሚንቶው አይረባም» ተብሎ ሌላ ሲሚንቶ ይገዛል። እሱም ይላቀቃል።

ሲሚንቶውን ከመውቀስ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። እዚህ ወለል ላይ የፈሰሰው ምንድን ነው? ውሃውስ ከየት መጣ? ደረቅ ማዳበሪያ በደረቅ ወለል ላይ ቢከርምም ብዙም አይጎዳውም። ኮንክሪት የሚበላው ውሃ ያገኘ ማዳበሪያ ነው። ደግሞ ሁሉም በአንድ መንገድ አይበላም። አንዱ ኖራውን አጥቦ ይወስዳል፣ ሌላው ከውስጥ አሳብጦ ይሰነጥቃል፣ ሌላው ኮንክሪቱን ትቶ ብረቱን ያዝጋል። ጥገናውም እንደዚያው ይለያያል።

ኮንክሪቱ ውስጥ ምን አለ?

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በዋናነት ሁለት ነገር ይፈጥራል። አንዱ አሸዋና ጠጠሩን አጣብቆ የሚይዘው ሙጫ ነው። ሌላው ነፃ ኖራ ነው። በዚህ ኖራና ሲሚንቶው ይዞ በሚመጣቸው አልካሊዎች የተነሳ በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካሊ ነው) ከ12.5 እስከ 13.5 ይደርሳል። ፌሮው ለዓመታት ሳይዝግ የሚቆየው እዚህ አልካሊ ውስጥ ስለተቀበረ ነው። የእርሻ ኬሚካሎች በመጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ኖራው ነው። ኖራው ሲያልቅ ሙጫው ራሱ ካልሲየሙን መልቀቅ ይጀምራል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይወርዳል።

ከመጠገን በፊት የአንድ ቀን ምርመራ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። የሚያስፈልጋችሁ ሚስማር፣ መዶሻ፣ ኮምጣጤ፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ፣ ላስቲክና ማጣበቂያ ፕላስተር ነው። ከተገኘ ደግሞ ትንሽ ፌኖልፍታሊን፣ ማለትም ጠንካራ አልካሊ ሲነካ ሮዝ የሚሆን የላቦራቶሪ መመርመሪያ። ጓንትና መነፅር አድርጉ።

መጀመሪያ መዶሻ። ወለሉን ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ደህና ኮንክሪት ጠንካራ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀው እንደ ባዶ በርሚል ይጮኻል። በጠመኔ አክብቡት። የሚጮኸው ቦታ ብዙ ጊዜ ለዓይን ከሚታየው ይሰፋል።

ቀጥሎ ሚስማር። ከጆንያው ሥር ያለውን ወለልና መተላለፊያውን በእኩል ጉልበት ጫሩ። በአንዱ ላይ ነጭ ጭረት ብቻ ቀርቶ በሌላው ላይ ሚስማሩ ቦይ ከቆፈረ ልዩነቱን በእጃችሁ አያችሁት ማለት ነው።

አሁን ነጩን ዱቄት እንፈትሽ። ትንሽ ፍቃችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው፤ ማለትም ከራሱ ከኮንክሪቱ የወጣ ኖራ አየር አግኝቶ የተለወጠ። አረፋ ካላወጣና ውሃ ውስጥ ቶሎ ከሟሟ ከውጭ የገባ ጨው ነው። ከዚያ የሽታ ምርመራ ይከተላል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ፣ ያንኑ ያህል ኖራ ወይም ሲሚንቶ ጨምሩ፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣሉበትና ክደኑት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ክዳኑን ከፈት አድርጉና በእጃችሁ እያራገባችሁ ከሩቅ አሽትቱ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከመጣ አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ ግን በዚህ ምርመራ ቶሎ አይሸትም፤ ስላልሸተተ ብቻ ከጥርጣሬ አታውጡት።

የእርጥበቱን ምንጭ ለመለየት 45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ። ከላስቲኩ ሥር ጠል ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ውሃው ከታች እየመጣ ነው። ላይኛውን ገጽ ብቻ መጠገን እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ፌኖልፍታሊን ካገኛችሁ ከወለሉ ትንሽ ቁራጭ ሰብራችሁ ወዲያውኑ አዲሱ ስብራት ላይ ርጩት። ደማቅ ሮዝ ከሆነ አልካሊው አለ። ቀለም ካልያዘ እዚያ ጥልቀት ድረስ አልካሊው ጠፍቷል። ሮዝ የሚጀምርበትን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩና ጻፉት። መሮው የት ድረስ እንደሚገባ የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ነው።

«ወለሉ አሸዋ እየሆነ ነው»

ሲጠርጉት አቧራው አያልቅም። በጣት ሲያሹት አሸዋ ይረግፋል፣ ጠጠሩ ራቁቱን ወጥቷል። አካባቢው እርጥበት ሲያገኝ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አለ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አሞኒየም ናይትሬት ነው። አሞኒየሙ ከኮንክሪቱ ኖራ ጋር ሲገናኝ አሞኒያ ጋዝና ካልሲየም ናይትሬት ይፈጠራሉ። ጋዙ በንኖ ይሄዳል፤ የምትሸቱት እሱን ነው። ካልሲየም ናይትሬት ደግሞ ውሃ ውስጥ በጣም የሚሟሟ ጨው ስለሆነ በሚቀጥለው እርጥበት ታጥቦ ይወጣል። ሁለቱም ውጤቶች ከቦታው ስለሚለቁ ሥራውን የሚያስቆመው ነገር የለም። ማዳበሪያና ውሃ እስካለ ድረስ ይቀጥላል። ሽታው ራሱ የኮንክሪቱ ኖራ እየሄደ መሆኑን ይነግራችኋል።

መጠኑን እንመልከት። የአውሮፓው የኮንክሪት ደረጃ ኢኤን 206 ኬሚካል የበዛበትን አካባቢ በሦስት ደረጃ ይከፍላል። በጣም ከባድ የሚለው ውሃ በሊትር ከ60 እስከ 100 ሚሊግራም አሞኒየም ያለበትን ነው። አሁን 1 ኪሎ አሞኒየም ሰልፌት በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ ቢሟሟ ብላችሁ አስቡ። በሊትር ወደ 2,700 ሚሊግራም አሞኒየም ይሆናል። ከከባዱ ደረጃ ጣሪያ 27 እጥፍ። ለዚያውም ቀጭን ውህድ ነው። እርጥብ ጆንያ ሥር የሚያንጠባጥበው ከዚህ በብዙ የወፈረ ነው።

መፍትሄው ውሃውን ከመዝጋት ይጀምራል። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ፣ በሩ ሥር ጎርፍ ይገባ እንደሆነ፣ ግድግዳው ውሃ ያስገባ እንደሆነ ፈትሹ። ጆንያዎቹን ከወለሉና ከግድግዳው አርቃችሁ ፓሌት ላይ ጫኑ። ግን ውሃ ማለት ዝናብ ብቻ አይደለም። አሞኒየም ናይትሬት በ30 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ከአየር ውሃ ስቦ መሟሟት ይጀምራል። ዩሪያ 75 በመቶ አካባቢ ይታገሳል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ነገር ይበላሻል፤ ውህዱ 18 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ እንኳ ውሃ ይስባል። ይህን ያህል ደረቅ አየር ያለው መጋዘን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የአንዱ ፍርፋሪ ባለበት ሌላውን አታራግፉ። ጣሪያው ደህና ሆኖ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ የሚሆንባችሁ ሰዎች መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

ሁለት ነገር ደግሞ አታድርጉ። የፈሰሰ የአሞኒየም ማዳበሪያ ላይ «ያድርቀው» ብላችሁ ኖራ ወይም የሲሚንቶ ዱቄት አትበትኑ። ብርጭቆው ውስጥ የሠራችሁትን ምርመራ በክፍል ልክ መድገም ነው፤ አሞኒያው ያስወጣችኋል። በረኪናም አታፍሱበት፣ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

አሞኒየም ናይትሬት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ወለሉን ከእሱ ለመከላከል ሬንጅ መቀባት የሚመጣላቸው ሰዎች አሉ። ተዉት። አሞኒየም ናይትሬት እሳት የሚያባብስ ነገር ነው፤ ከሬንጅ፣ ከነዳጅ፣ ከሰጋቱራና ከመሳሰሉት መራቅ አለበት። በፈረንጆች ኦገስት 2020 ቤሩት ወደብ ላይ የፈነዳው መጋዘን 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ተከማችቶበት ነበር።

«ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ ስንጠርገው ተመልሶ ይመጣል»

ኮምጣጤው አረፋ ካወጣ ብዙ አትጨነቁ። ኖራ ነው። መልኩን ያበላሻል እንጂ ወለሉን አይጥልም። ውሃ በኮንክሪቱ ውስጥ እያለፈ መሆኑን ግን ይናገራል፤ መንገዱን ፈልጉ።

የሚሟሟ ጨው ከሆነ፣ በተለይ ዩሪያ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ነገሩ ከኬሚካል ይልቅ የጉልበት ሥራ ነው። ንጹህ ዩሪያ ከኖራው ጋር እንደ አሞኒየም አይጣላም። ሟሙቶ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል፣ ውሃው ሲተን እዚያው ውስጥ ክሪስታል ይሆናል፣ ክሪስታሉ እያደገ የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል። ሲረጥብ እንደገና ይሟሟል፣ ሲደርቅ እንደገና ያድጋል። በዚህ ሂደት ላይኛው ገጽ በስስ ንጣፍ እየተላጠ ይነሳል። ዩሪያ ከአፈር ወይም ከፍግ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒየም ካርቦኔት ይለውጡታል፤ ያኔ የአሞኒያው ሽታ ይመጣል።

በውሃ አታጥቡት። ማጠብ ጨውን ወደ ውስጥ መመለስ ነው። በደረቁ ጥረጉ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ ሰብስባችሁ አውጡ። በአሲድ ለማጽዳት የምታስቡም አቁሙ። ለሕንፃ ማጽጃ የሚሸጠው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነጩን ነገር በእርግጥ ያነሳዋል። ግን ክሎራይዱን ኮንክሪቱ ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ የክሎራይድን ነገር ከታች ታገኙታላችሁ።

«ወለሉ አበጠ፣ ተሰነጠቀ»

ጠርዝ ላይ ተነስቷል፣ ስንጥቁ እንደ ካርታ መረብ ሠርቷል፣ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ለስላሳ ነገር አለ። ይህ የሰልፌት ሥራ ነው። አሞኒየም ሰልፌት፣ ፖታሲየም ሰልፌት፣ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ለፈንገስ የሚረጨው ኮፐር ሰልፌት ሁሉም እዚህ ይገባሉ።

ሰልፌት ከኖራው ጋር ጂፕሰም ይሠራል። በሲሚንቶው ውስጥ ካለው አሉሚኔት ጋር ደግሞ ኤትሪንጋይት የሚባል፣ ብዙ ውሃ የሚይዝ መርፌ መሰል ክሪስታል ይሠራል። የጠነከረ ኮንክሪት ውስጥ ለዚህ ክሪስታል ቦታ ስለሌለ ቦታውን በኃይል ይከፍታል። ከሁሉ የከፋው አሞኒየም ሰልፌት ነው፤ በአንድ እጁ ኖራውን ያጥባል፣ በሌላው ያሳብጣል። ማግኒዚየም ሰልፌትም ሙጫውን ራሱን ስለሚያበላሽ አይናቅም።

ያበጠ ኮንክሪት አይድንም፤ ተቆርጦ ይወጣል። አዲሱ ሰልፌት በሚቋቋም ሲሚንቶ ይሠራ። ይህ ሲሚንቶ ያን አሉሚኔት ትንሽ እንዲይዝ ተደርጎ የሚመረት ነው፤ በአሜሪካው ደረጃ ዓይነት 5 የሚባለው ከ5 በመቶ አይበልጥም። ግን ስሙ አያታላችሁ። የሚቋቋመው ሰልፌትን ነው። አሞኒየም ናይትሬትንም አሲድንም አይቋቋምም። ናይትሬት የሚቀመጥበት መጋዘን ላይ ተጨማሪ ብር ከፍሎ እሱን ማፍሰስ ለሳል የእግር ቅባት እንደመቀባት ነው።

«ምሰሶው ላይ ቡናማ መስመር ወጣ፣ ሽፋኑም ተገነጠለ»

ለሕንፃው ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ወለል ቢበላ ወለል ነው። ምሰሶ ሲበላ ግን ጣሪያ አለ።

ፖታሽ ተብሎ የሚሸጠው ፖታሲየም ክሎራይድ ከክብደቱ 47 በመቶ አካባቢ ክሎራይድ ነው። ክሎራይድ ኮንክሪቱን ራሱን ብዙም አይነካውም፤ በቀዳዳዎቹ አልፎ ፌሮው ጋ ይደርሳል። ብረቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን በነጥብ በነጥብ ይበሳል፣ አልካሊው እያለም ዝገት ይጀምራል። ለዚህ ነው ፌኖልፍታሊን እዚህ ላይ የሚያታልለው፦ ኮንክሪቱ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ብረቱ ውስጡ እያለቀ ሊሆን ይችላል። ዝገት ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ሽፋኑን ከውስጥ ይገፋል። መጀመሪያ በፌሮው መስመር ልክ ቀጥ ያለ ስንጥቅ፣ ከዚያ ቡናማ እድፍ፣ ከዚያ ቁራጩ ይወድቃል።

ስንት ክሎራይድ ይበቃል? ኢኤን 206 ፌሮ ላለው ኮንክሪት ሲደባለቅ የሚፈቅደው ቢበዛ ከሲሚንቶው ክብደት 0.4 በመቶ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ካለ 1.4 ኪሎ ክሎራይድ ማለት ነው። ወደ ፖታሽ ስንመልሰው 3 ኪሎ ገደማ። ለአንድ ሜትር ኩብ ሙሉ! የተቀደደ ጆንያ አጠገብ ያለ ምሰሶ በጊዜ ብዛት ይህን አይጠጣም ብላችሁ አትከራከሩኝም።

ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ የሚጠቀሙበት የብር ናይትሬት ውህድ አለ። አዲስ ስብራት ላይ ሲረጭ ክሎራይድ የደረሰበት ቦታ ነጭ ይሆናል። እንዲህ ከታየ ወይም ፌሮው ከቀጠነ ግንበኛ ብቻውን አይወስን፤ መሐንዲስ ይጠራ። መጀመሪያ ጭነቱ በድጋፍ ይያዝ። የተበከለው ኮንክሪት ከፌሮው ጀርባ እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ድረስ ይውጣ፣ ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳ፣ የቀጠነው ላይ ተጨማሪ ብረት ይታሰር። የሚታየውን ቁስል ብቻ መድፈን አይሠራም። ክሎራይድ የጠጣ አሮጌ ኮንክሪት ዙሪያውን ከቀረ ዝገቱ ከጥገናው ጠርዝ ጎን አዲስ ቦታ ይጀምራል።

ፋብሪካ ውስጥ በቅድሚያ ብረቱ ተወጥሮ የተሠራ ምሰሶ ወይም ጣሪያ ካላችሁ ደግሞ ናይትሬትም ያሳስባችሁ። የተወጠረ ብረት በናይትሬት ሳይቀጥን፣ ብዙ ምልክት ሳያሳይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

«የፍግ ጉድጓዱ ከላይ ተበላ»

ሰው የሚገምተው ፈሳሹ ውስጥ ያለው ክፍል ይበላል ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ግልባጩ ነው፤ ከፈሳሹ በላይ ያለው ግድግዳና ክዳኑ ናቸው እንደ አይብ የሚለሰልሱት። ከፍጉ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እርጥቡ ኮንክሪት ላይ ያርፋል፣ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። የገጹ ፒኤች እስከ 1 ወይም 2 ሊወርድ ይችላል። የታመቀ የከብት መኖ ጉድጓድ ላይ ደግሞ አሲዱ ከታች ነው። ከመኖው የሚጨመቀው ፈሳሽ ላክቲክና አሴቲክ አሲድ ስላለው ፒኤቹ 4 አካባቢ ነው፤ ወለሉንና የፍሳሽ ቦዩን ይቆፍራል።

ለሁለቱም አሲድ የሚቋቋም ሽፋን ያስፈልጋል፤ ሲሚንቶ ብቻውን አሲድ አይችልም። ለፍግ ጉድጓድ የአየር መውጫ ክፈቱ፤ የመኖውን ፈሳሽ ሳይጠራቀም የሚወስድ ቦይ ሥሩ።

እባካችሁ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ለማየት ብላችሁ አትግቡ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን ማሽተቻችንን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሊያወጣ የገባው ሰው ተከትሎ የሚሞተውም በዚህ ነው። ባዶ ሆኖ፣ አየር ተነፍቶበት፣ በመሣሪያ ተለክቶ፣ ገመድ የያዘ ሰው ውጭ ቆሞ ነው የሚገባው።

«አዲስ ያፈሰስነው አልደርቅ አለ»

በማግስቱ ጣት ይገባል። ሲሚንቶው አዲስ ነው፣ ልኩም ትክክል ነው። ያኔ የማቡኪያውን ውሃ ወደቀዳችሁበት በርሚል ሂዱ። በፊት ምን ነበረበት? ፎስፌት የሲሚንቶን መጠንከር ያዘገያል፤ ለቅጠል የሚረጨው ዚንክም እንዲሁ፣ በትንሽ መጠንም ቢሆን። ጆንያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአማርኛ ጆንያውንም «ማዳበሪያ» ብለን እስክንጠራው ድረስ አሸዋ የምንሸከመው በእሱ፣ ኮንክሪት የምናለብሰው በእሱ ነው። ስፌቱ ውስጥ የቀረው ፍሬ ውሃ ሲጠጣበት ወደ አዲሱ ኮንክሪት ይገባል።

የዘገየው በፎስፌት ወይም በዚንክ ከሆነ አትቸኩሉ። ሸፍናችሁ እርጥብ አድርጋችሁ ጥቂት ቀን ጠብቁት፤ ዘግይቶም ቢሆን ሊጠነክር ይችላል። ከ28 ቀን በኋላ ጥንካሬው ይመርመር። በርሚሉ የፖታሽ ከነበረና ፌሮ ካለበት ግን ቢጠነክርም አትመኑት፤ ክሎራይዱ ይለካ። የፀረ-ተባይ በርሚል ከሆነ ደግሞ ለምንም ነገር መዋል አልነበረበትም።

«ፀረ-ተባይ ፈሰሰብን»

አንድ ጊዜ የፈሰሰ ፀረ-ተባይ ወይም ፀረ-አረም ኮንክሪት አያፈርስም። እዚህ ችግሩ ሌላ ነው፤ ኮንክሪት እንደ ስፖንጅ ይጠጣዋል፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። መድኃኒቱ የተሟሟበት ዘይት መሰል ፈሳሽም ሬንጅንና ተራ ቀለምን ያላቅቃል። በአሸዋ ወይም በደረቅ አፈር አስመጥጡት፣ ሰብስባችሁ ለብቻ አስቀምጡ፣ በመለያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። አጥባችሁ ወደ ቦይ አትልቀቁት።

የተገላቢጦሹም አለ። ገና የተሠራ፣ ሽፋን የሌለው የኮንክሪት ገንዳ ውስጥ መድኃኒት የሚበጠብጡ ሰዎች «አልሠራም» ሲሉ ይሰማል። አዲስ ኮንክሪት ውሃውን አልካሊ ያደርገዋል፣ እንደ ማላታዮን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ አልካሊ ውስጥ ይፈርሳሉ። እዚህ ላይ የሚበላው ሲሚንቶው ሆነ።

ጥገናው ራሱ

መንስኤው ታውቆ ውሃው ከተዘጋ በኋላ ሥራው ይጀመር። በጠመኔ ካከበባችሁት ወጣ ብላችሁ በአራት ማዕዘን ቁረጡ፤ ጠርዙ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ቀጥ ብሎ ይውረድ። ወደ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ ጥገና መጀመሪያ የሚነሳው ከጠርዙ ነው። ሮዝ የሚሆነው ጋ እስክትደርሱ በመሮ አውጡ። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነውና አፍንጫ ሸፍኑ። አቧራውን በአየር አስወጡት። ከመሙላታችሁ በፊት ጉድጓዱን አርጥቡ፣ ውሃ ግን አይቋጠርበት፤ ጠቁሮ የማያብረቀርቅ ገጽ ነው የምትፈልጉት።

ውህዱ ላይ ቁልፉ ውሃ ነው። የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔው ከ0.45 አይለፍ። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 22.5 ሊትር ማለት ነው፣ አሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበት ጭምር። ሠራተኛው «ደርቋል፣ አልታዘዝ አለኝ» ይላል። እውነቱን ነው። መልሱ ግን ሌላ ባልዲ ውሃ ሳይሆን ውሃ ቀናሽ ኬሚካልና ቫይብሬተር ነው። የተጨመረ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ማዳበሪያው የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ሲሊካ ፊዩም (እጅግ የደቀቀ የሲሊካ ዱቄት)፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም የተፈጨ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ በልኩ መጨመር ቀዳዳውን ያጠባል፣ ነፃ ኖራውንም ይቀንሳል።

ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ይሁን። ላስቲክ ይሸፈን፤ አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ አይደለም! ሽፋን የምትቀቡ ከሆነ 28 ቀን ጠብቁ፣ የላስቲኩን የእርጥበት ምርመራ ድገሙ፣ ከዚያ ኢፖክሲ ወይም ፖሊዩሪቴን ቀቡ። እርጥብ ላይ የተቀባ ኢፖክሲ አረፋ ሠርቶ ይነሳል። ወለሉን ከዜሮ የምታፈስሱ ደግሞ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ፣ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ተዳፋት ስጡት፣ ፌሮው 5 ሴንቲሜትር ሽፋን ይኑረው።

ሥራው ሲያልቅ ከጥገናው ውስጥ አንድ ቦታ፣ ከአሮጌው ወለል አንድ ቦታ ምረጡና በቀለም ምልክት አድርጉ። ሁለቱን በሚስማር ጭራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉበት። ከ6 ወር በኋላ በዚያው ሚስማር አጠገቡን ጫሩ። የአሮጌው ጭረት ከጠለቀ ውሃው አልተዘጋም፤ ሌላ ሲሚንቶ ሳትገዙ ወደ ጣሪያው ውጡ።